የባለሙያ ብዕርና የክፍያው ውል

ነጋዴ ሸቀጥ የሚገዛው ሚዛኑን አይቶ ነው። የደላላም ዋጋ ሻጭና ገዢ እያወቁት ሲከፈል ነውር የለበትም፤ አንዱ ወገን ሳያውቅ ከሌላው በስውር ሲከፈል ግን ገበያው በሙሉ ይበላሻል። ይህ ለንግድ ሰው የቆየ ትምህርት ሲሆን፣ በዛሬው ጊዜ ለጋዜጣ ጽሑፍም፣ ይልቁንም ስለ ኢሚግሬሽን ለሚወጣው ዜና፣ እጅግ የሚያስፈልግ ሆኖአል።

ስለ ቪዛ፣ ስለ ሥራ ፈቃድና ስለ መኖሪያ ፈቃድ የሚወጣውን ዜና የሚያነበው ሰው ብዙ ነው። ዕቃ ለመምረጥ ወደ ዱባይ የሚጓዘው አስመጪ ያነበዋል፤ ልጁን ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚልከው ወላጅም ያነበዋል። አዘጋጁ የየአገሩን ሕግ ሁሉ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ጠበቃ ወይም ሌላ ባለሙያ እንዲጽፍለት ቢያደርግ የተገባ ነው። ባለሙያውም ጊዜውንና ዕውቀቱን ስለ ሰጠ ዋጋውን ቢቀበል የሚነቅፈው አይኖርም።

ይሁን እንጂ ክፍያው ሦስት ዓይነት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ጋዜጣው ለባለሙያው የሚከፍለው የድካም ዋጋ ነው። ባለሙያው ስሙና ሥራው እንዲታወቅለት ለጋዜጣው የሚከፍለው የማስታወቂያ ዋጋ ነው። ሠራተኛ የሚልክ ኤጀንሲ ወይም ሌላ ባለጉዳይ ለባለሙያው ከበስተኋላ የሚከፍለው ደግሞ ከስውር ድለላ አይለይም። በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759፣ ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በቀላሉ ተለይቶ እንዲታወቅ አዞአል። በአሜሪካም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ ዜና መስሎ የሚቀርብ ማስታወቂያ ሕዝብን እንደሚያሳስት አስጠንቅቆአል።

የስውሩ ክፍያ ጉዳት ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ይታያል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣንና የሥራ ፈቃድን ወጪ አሠሪው እንዲችል፣ የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ወጪ ግን የሠራተኛው እንዲሆን ደንግጎአል። ከኤጀንሲ ገንዘብ የተቀበለ ጸሐፊ ይህን ድንጋጌ ሳይጠቅስ ቢያልፍ፣ ሐሰት አልጻፈም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በሬውን ሸጦ ወይም ከባለሱቅ ተበድሮ የማይገባውን የሚከፍል ቤተሰብ ይኖራል። ዕዳው ሳይመለስ ሲቀርም ኪሳራው በባለሱቁ መዝገብ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት ውል በጽሑፍ ሊደረግ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይናገራልና። በውሉም ውስጥ አስቀድሞ ዋጋው ይወሰን፤ የጽሑፉን ሐሳብ ወይም በጽሑፉ ምክንያት የሚመጣውን የደንበኛ ብዛት ተከትሎም ከፍና ዝቅ አይበል። ሁለተኛ፣ ባለሙያው የሚያገለግለውን ድርጅት ሁሉ ይግለጽ፤ ይህም ከስሙ ጋር ይታተም። ሦስተኛ፣ የጠቀሰውን ሕግ ቁጥርና ዓመት ይጻፍ፤ ስሕተት ቢገኝበት ያለ ተጨማሪ ዋጋ ያርም። ቁጥር 923 ራሱ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 መሻሻሉ ሊዘነጋ አይገባም። አራተኛ፣ ጽሑፉ በጠቅላላው ሕጉን ያስረዳ እንጂ የአንድን ሰው ጉዳይ አይወስን። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሕግ፣ ለአንድ ለተወሰነ ሰው የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ለተፈቀደላቸው ብቻ እንዲሆን ያደረገው ጉዳቱን ተመልክቶ ነው። አምስተኛ፣ ጽሑፉን እንደገና የማሳተም መብት የማን እንደሆነ ይለይ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጽሑፍ ሥራ መብት ሰጥቶአልና።

ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ጋዜጦች ይህን ለመፈጸም አቅም የላቸውም የሚሉ ሰዎች አሉ። በእርግጥ ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው አዘጋጆች፣ ያለ ዋጋ የመጣላቸውን ጽሑፍ በደስታ ይቀበላሉ። ዳሩ ግን ያለ ዋጋ የተሰጠ ጽሑፍ ዋጋውን የሚያገኘው ከአንባቢው ሊሆን ይችላል። ድሀ ጋዜጣ ባይከፍልም እንኳ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነና በምን ሥራ እንደሚተዳደር በአንድ መስመር ለማተም ወጪ የለበትም።

የንግድ ማኅበረሰብም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። ጋዜጦችን በማስታወቂያ ገንዘብ የሚደግፈው ነጋዴው ነውና፣ ሸቀጡ በዜና መልክ እንዲወደስለት ከመጠየቅ ቢቆጠብ፣ የሌላውንም ስውር ክፍያ ለመቃወም ድፍረት ያገኛል። የታወቀ ዋጋና የተጻፈ ውል በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደሚያስከብር ሁሉ በጋዜጣም ገጽ ላይ ያስከብራል፤ መንገደኛውም ከቤቱ ሳይወጣ የሚገባውንና የማይገባውን ወጪ ለይቶ ያውቃል።