ካይሮፕራክተር ወጌሻም ሐኪምም አይደለም

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ወጥተን በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ወገባችንን ሲያመን ወደ ካይሮፕራክተር የምንሄደው ብዙ ሳናቅማማ ነው። በደጋው አገር አጥንትና ጅማት የወጌሻ ጉዳይ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ወለም ያለው፣ ከበቅሎ የወደቀው፣ ጭነት ሲያነሳ ወገቡ የተቀጨው ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው በቅቤ አሽቶ፣ ስቦ፣ በቀርከሃ አስሮ ወደሚመልሰው ሰው ነው። ባሕር ማዶ ደግሞ ወገብ ይዞ ቋ የሚያደርግ ባለሙያ ስናገኝ ለወጌሻ የነበረንን እምነት እንዳለ እንሰጠዋለን። በሩ ላይ ዶክተር ተብሎ ስለተጻፈም ለሐኪም የሚገባውን እምነት እንደርብለታለን። የእኔ ክርክር ይህ ነው፤ የካይሮፕራክተር እጅ የሚጠቅመው ሕመሙ ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ሕመሙ ሳይታወቅ እንሄዳለን፣ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሙያውን ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው በ1895 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ ጀመረው። ፓልመር ከበሽታዎች ሁሉ 95 በመቶ የሚሆነው ከአከርካሪ አጥንት መዛነፍ ይመጣል ብሎ ያስተምር ነበር። ይህን ሳይንስ አልደገፈውም። ዛሬ ካይሮፕራክተሮች በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ፈቃድ አግኝተው ይሠራሉ፤ ለዓመታት የሚማሩት ትምህርት ግን የሕክምና ዶክተር ከሚማረው የተለየ ነው፣ ቀዶ ሕክምናም አያደርጉም። ለአረጋውያን የሚከፍለው ሜዲኬር ከሥራቸው የሚሸፍነው አከርካሪን በእጅ ማስተካከልን ብቻ ነው። በማስረጃ የተደገፈው ጥቅማቸውም በዚያው አካባቢ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለተራ የወገብ ሕመም መጀመሪያ ክኒን ከመዋጥ ይልቅ ሙቀት፣ ማሸት፣ አኩፓንክቸር ወይም አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ይሞከር ብሏል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማም አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ሕመሙን በመጠኑ እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ስለዚህ ሙያውን ማጭበርበር ነው ብሎ ማጣጣል ስሕተት ነው። አስም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ይፈውሳል የሚለው ማስታወቂያ ግን መሠረት የለውም። ብዙዎቻችን አጥንቱ ወደ ቦታው የተመለሰበት አድርገን የምናስበው ድምፅም ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለ ጋዝ የሚወጣ እንጂ የአጥንት መግባት ምልክት አይደለም።

ሕመሙ ሳይታወቅ ስንሄድ ለእኛ ከሁሉ የሚያሰጋው የአከርካሪ ቲቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ ኢትዮጵያን ያስቀምጣል። ጀርሙ በልጅነት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ሊተኛ ይችላል፤ ሰውየው አገሩን ለቆ፣ ዜግነት ቀይሮ፣ ልጆች አሳድጎ ከቆየ በኋላም ሊነቃ ይችላል። አጥንትን ከሚይዘው ቲቢ ግማሽ ያህሉ የሚያርፈው አከርካሪ ላይ ነው። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። ጀርባ ለሳምንታት፣ ለወራት ይጠዘጥዛል፤ ሌሊት ይብሳል፤ ብዙ ጊዜም ትኩሳትና የሌሊት ላብ ይኖራል፣ ሰውነት ይከሳል። ብዙዎቹ ሕሙማን ሳል የላቸውም፣ የደረት ራጃቸውም ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለቪዛ ተመርምሬ ነጻ ተብያለሁ ማለት ዋስትና አይሆንም። ጀርሙ የአከርካሪውን የፊት ክፍል ሲበላው አጥንቱ ይደረመሳል፣ ጀርባ ይጎብጣል፣ መግሉ ሕብለ ሰረሰርን ሲጫነው እግር ይከዳል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። እንዲህ የተሸረሸረ አከርካሪ ላይ ሰው በክብደቱ ሲጫንና ድንገት ሲጠመዝዘው ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ከከብት ጋር ያደገና ጥሬ ወተት የጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ አከርካሪውን ሊይዘው ይችላል። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ እነዚህ በሽታዎች እምብዛም ስለማያጋጥሙ፣ ተወልደን ያደግንበትን ካልነገርነው ሐኪሙ ራሱ ቶሎ ላያስባቸው ይችላል።

ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚመጡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዕድሜ የሳሳ አጥንት በቀላል ጫና ይሰበራል፤ የአጥንታቸው ጥንካሬ ሳይታወቅ በኃይል የሚደረግ ማስተካከል ለእነርሱ አይሆንም። አንገትን በኃይል ማዞርም፣ ነገሩ ብርቅ ቢሆንም፣ ወደ አንጎል የሚወጣው የደም ሥር ከመሰንጠቁና ከስትሮክ ጋር እንደሚያያዝ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ይታወቃል፤ ሐኪሙ ክኒን ብቻ ሰጥቶ ሸኘኝ፣ ካይሮፕራክተሩ ግን አዳነኝ የሚል ነው። እፎይታው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን ድንገት የጀመረ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይሻላል፤ የተሻለንም የምናመሰግነው መጨረሻ ላይ የነካንን ሰው ነው። በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ካልመጣ ቀጠሮ መጨመር ሳይሆን ምርመራ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ አባቶቻችን በወጌሻ ድነዋልና እናንተ የራሳችሁን እውቀት ናቃችሁ የሚል ነው። ወጌሻን የሚንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ደጋ ስንቱን እጅና እግር ያቃናው እርሱ ነው። ግን ወጌሻም የሚስተው መንካት የሌለበትን ሳይለይ ሲነካ ነው። ያበጠ ክንድ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር እብጠቱ መውጫ ያጣል፣ ደም ይቆማል፣ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ይደነዝዛሉ፣ ይጠቁራሉ፣ በመጨረሻ የሚቆረጠው ከስብራቱ ሊድን የነበረ እጅ ነው። ዶክተር መኮንን እሸቴ በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ለሚሠሩ ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጥ እጅና እግር እንደቀነሰ አሳይተዋል። ወጌሾቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ የቱን መንካት እንደሌለባቸው ተማሩ እንጂ። ከካይሮፕራክተርም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥሩው ካይሮፕራክተር ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል፣ ሽንት መቋጠር አለመቻል ወይም የካንሰር ታሪክ እንዳለ ሳይጠይቅ እጁን አያነሳም፤ ካለም ወደ ሐኪም ይመራል።

እኛ ደግሞ ለራሳችን ብቻ አይደለም የምንወስነው። አገር ቤት አባት ሲወድቅ ስልክ የሚደወለው ብር ለሚልከው ልጅ ነው፤ ወጌሻ ይምጣ ወይስ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ይወሰድ የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚያ ስልክ ይወሰናል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ፣ ቦታው ከተጣመመ፣ እግሩን ማዘዝ ካቃተው፣ ወይም ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፣ የሚላከውም ብር ለመኪና ይሁን።