ዋና ከክንድ ሳይሆን ከትንፋሽ ይጀመራል

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምት ሲገባ የየሰፈሩ ልጆች ወሬ አንድ ዓይነት ነው። «ዛሬ ዋና እንሂድ!» ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ልብስ ድንጋይ ሥር ይደበቃል፤ በሙታንቲ ብቻ ወንዝ ዳር ይቆማል፤ የሚችሉት ቀድመው ዘለው ይገባሉ፤ የማይችለው ደግሞ «ፈሪ!» ይባላል። ስድቡ ሲከብደው ዓይኑን ጨፍኖ ይዘላል፤ አለበለዚያ ከኋላው ይገፈተራል። አንዳንዱ ተንፈራግጦ ይወጣና በዚያው «ዋና ቻለ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። አንዳንዱ ግን አይወጣም። ማታ እናቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ውኃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከአሥር ሟቾች ዘጠኙ ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአገራችን ዋና የጉልበትና የድፍረት ጉዳይ ተደርጎ ነው የሚታየው። ደፋር ይዋኛል፣ ፈሪ ዳር ይቆማል፣ አለቀ። ውኃ ግን ለጉልበተኛ አያደላም። ዋና ትምህርት ነው፤ እንደ ፊደል ቅደም ተከተል አለው። ሀ ሁ ሳይቆጥር መጽሐፍ የሚያነብ እንደሌለ ሁሉ፣ መተንፈስና መንሳፈፍ ሳይችልም የሚዋኝ የለም። የሚገርመው ግን የእኛ ልጆች የሚጀምሩት ከመጨረሻው ገጽ፣ ማለትም ከጥልቁ ውኃ መሆኑ ነው።

ጉልበት ብቻውን የትም እንደማያደርስ ዓለም በዓይኑ ያየበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ ለ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያ ቀረበ። አብረውት የተመደቡት ሁለት ዋናተኞች ከምልክቱ በፊት በመነሳታቸው ተሰረዙና ብቻውን ዋኘ። ዋና ከጀመረ ገና ወራት ብቻ ነበር የሆነው፤ የተለማመደው በአጭር የሆቴል ገንዳ ሲሆን፣ የ50 ሜትር ገንዳ ያየው ሲድኒ ከደረሰ በኋላ ነው። ሄዶ እስኪታጠፍ ድረስ ደህና ነበር። መልሱ ላይ ግን ትንፋሹ አለቀ፣ እግሩ ወደ ታች ወረደ፣ ክንዱ እየቀዘፈ ሰውነቱ አልሄድ አለ። እንደምንም ጨረሰ፤ ሰዓቱ 1፡52.72 ነበር። ልብ አልጎደለውም፤ የጎደለው ትምህርት ነው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ በዚያው በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1፡04.95 ገብቶ የመጨረሻ ሆነ። አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ ፍጻሜውን ያሸነፈው በ47.58 ነው። የውጭ ጋዜጦች ሳቁ፤ የአገሩ ሰው ግማሹ ተናደደ፣ ግማሹም አብሮ ሳቀ። ስለ ልጁ ሰውነት ብዙ ተወራ። «ለመሆኑ በዚህች አገር ስንቱ ተማሪ ነው ውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚችለው?» የሚለው ጥያቄ ግን ሰሚ አላገኘም። መነጋገር የሚገባው በዚህኛው ነበር።

ታዲያ ትምህርቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው። ጀማሪው ከደረቱ በማያልፍ፣ ወለሉ በሚታወቅ ውኃ ውስጥ፣ ዋና የሚችል ሰው አጠገቡ ባለበት ይቆማል። በአፉ አየር ይስባል፤ ፊቱን ይነክራል፤ ከዚያ በአፍንጫውና በአፉ አረፋ እያስወጣ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፊቱን ሲነክር ትንፋሹን አፍኖ ይይዛል። ሲያፍን የተቃጠለው አየር በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ደረቱ ይጨነቃል። ራሱን ሲያወጣ ደግሞ ማስወጣትና ማስገባት በአንድ ጊዜ ይመጣበትና ትን ይለዋል፤ ከዚያ ይደነግጣል። ሕጉ አጭር ነው፤ ከውኃ በላይ ማስገባት፣ ከውኃ በታች ማስወጣት። ይህንን ሃያ ጊዜ ያለ ድንጋጤ መደጋገም የቻለ ልጅ ትልቁን ፈተና አልፏል።

ሁለተኛው መንሳፈፍ ነው። ሳንባ አየር ሲይዝ እንደተነፋ ከመነዳሪ ደረትን ወደ ላይ ያነሳል፤ እግር ግን ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይጎትታል። ሰውነት በዚህ ጊዜ እንደ ሚዛን ነው፤ ራስ ከፍ ሲል እግር ይወርዳል። የሚሰጥም ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አየር ፍለጋ ራሱን ወደ ላይ ይወጥራል፤ እግሩም ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ በጀርባ ለመንሳፈፍ የሚፈልግ ሰው ጆሮው ውኃ ውስጥ እስኪገባ ጭንቅላቱን ያስተኛል፤ አገጩን ትንሽ ቀና፣ ሆዱን ወደ ላይ ያደርጋል፤ እጆቹን ዘርግቶ ሰውነቱን ያላላል። መጀመሪያ አሠልጣኝ ወይም ታላቅ ወንድም ከጀርባው ሥር እጁን ያስገባለትና ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ለመቆም ሲፈልግ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ በእጁ ውኃውን ገፋ አድርጎ፣ እግሩን ያሳርፋል። ይህችን መቆም ሳይማሩ መንሳፈፍ የጀመሩ ብዙዎች በወገባቸው ልክ ውኃ ውስጥ ሲንፈራገጡ ይታያሉ።

ሦስተኛው መንሸራተት ነው። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይጠጥራል፤ ስለዚህ ሰውነቱን ያላሾለ ሰው ግድግዳ እንደሚገፋ ነው የሚቆጠረው። ጀማሪው የገንዳውን ግድግዳ በእግሩ ይረግጥና ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ዘርግቶ፣ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርቦ፣ ጆሮዎቹን በክንዶቹ መካከል አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ወለሉ አዙሮ እንደ ቀስት ይወረወራል። እስኪቆም ድረስ ምንም አያደርግም። ኦሊምፒክ ላይ የሚታዩት ዋናተኞች ከመነሻና ከመታጠፊያ በኋላ በፍጥነት የሚሄዱት በዚህች መንሸራተት ነው። ደንቡም ስለሚያውቃት ነው በነፃ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ቀዘፋ ከ15 ሜትር በላይ ውኃ ሥር መሄድን የከለከለው።

አራተኛው እግር መምታት ነው። ምቱ የሚነሳው ከዳሌ እንጂ ከጉልበት አይደለም። ጉልበት በጣም ሲታጠፍ ብስክሌት መንዳት ይሆናል፤ አረፋ ይበዛል እንጂ ሰውየው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ቁርጭምጭሚት ላላ፣ የእግር ጣት ወደ ኋላ ዘርጋ ይላል። ዱላ ቀርቶ ጭራ መሆን አለበት ማለት ነው።

ክንድ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ አምስተኛ ሆኖ ነው። በነፃ ቀዘፋ እጅ ከትከሻ ፊት ለፊት ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ፊት ይዘረጋል፤ ከዚያ ክርን ከፍ እንዳለ መዳፍና ግንባረ ክንድ አንድ ላይ ውኃውን ይዘው እስከ ጭን ድረስ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ውኃ በጥፊ አይመታም፤ ይያዛል። ለመተንፈስ ራስ ወደ ፊት ቀና አይልም፤ ሰውነት ወደ ጎን ሲያጋድል ፊት አብሮ ይዞራል፤ አንደኛው ዓይን ውኃ ውስጥ እንዳለ አፍ አየር ስቦ ይመለሳል። ሙሳምባኒ መልሱ ላይ ራሱን ወደ ላይ ሲያነሳ የታየው ይህ ስላልተማረ ነው።

ስለ ቀዘፋ ስሞችም ብዙ መደናገር አለ። ውድድር የሚደረግባቸው የዋና ዓይነቶች አራት ናቸው። ነፃ ቀዘፋ የተባለው ዋናተኛው የፈለገውን ዓይነት መዋኘት ስለሚፈቀድለት ነው፤ ነገር ግን ክንድን እያፈራረቁ በሆድ መዋኘት ከሁሉም ስለሚፈጥን ሁሉም የሚመርጠው እሱን ነው። ቻይናዊው ፓን ዣንሌ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ 100 ሜትሩን በ46.40 የገባው በዚሁ ነው። ጀርባ ቀዘፋ በጀርባ ተተኝቶ የሚዋኝ ሲሆን፣ ውድድሩ የሚጀመርበት ቦታ ራሱ ውኃ ውስጥ ነው። ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ የተሰቀሉት ባንዲራዎች ጌጥ አይደሉም፤ ፊቱ ወደ ሰማይ ለሆነው ዋናተኛ ግድግዳው መቅረቡን የሚነግሩ ናቸው። ደረት ቀዘፋ እንደ እንቁራሪት ነው፤ ሁለቱ እጆች እኩል፣ ሁለቱ እግሮችም እኩል ይሠራሉ። ከአራቱ ዘገምተኛው ቢሆንም ፊት ለፊት እያዩ ለመሄድ ይመቻል። የመጨረሻው ቢራቢሮ ነው፤ ሁለት ክንድ በአንዴ ከውኃ በላይ ይወረወራል፣ ሁለት እግር አንድ ላይ ይመታል። እሱ የጀማሪ አይደለም፤ ጉልበትም ትምህርትም ይፈልጋል። በደረትና በቢራቢሮ ቀዘፋ ግድግዳው በሁለት እጅ እኩል ካልተነካ ዋናተኛው ይሰረዛል። በግል ድብልቅ ውድድር ደግሞ አንድ ሰው ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረት፣ ነፃ እያለ አራቱንም በተራ ይዋኛል።

እዚህ ላይ «እኛ ባሕር የለንም» የሚል አይጠፋም። ሀንጋሪም ባሕር የላትም፤ የእርሷ ልጅ ካቲንካ ሆሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ሦስት ወርቅ አጥልቃለች። «እሱ አውሮፓ ነው» የሚልም ካለ ዚምባብዌ አለች። ባሕር አልባዋ ዚምባብዌ ያበቀለቻት ኪርስቲ ኮቨንትሪ በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒኮች ሰባት ሜዳሊያ ሰብስባለች፤ በ200 ሜትር ጀርባ ቀዘፋ በሁለቱም ወርቅ ወስዳለች። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆናለች። ጣና፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ፣ ባቦጋያ ያላት አገር በባሕር ማጣት ማመካኘት አያምርባትም።

ገንዳ ግን ችግር ነው፤ ይህ አይካድም። የሆቴል ገንዳ መግቢያ ለተራው ቤተሰብ ልጅ አይቀመስም፤ ወንዙና ሐይቁ ደግሞ ወለሉ የማይታወቅ፣ አንዳንዱም ቢልሃርዝያ ያለበት ነው። ይሁንና ከላይ የተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትምህርቶች የኦሊምፒክ ገንዳ አይጠይቁም። ደረት የሚደርስ ንጹሕ ውኃና አንድ የሚያውቅ ሰው ይበቃቸዋል። ሆቴሎች በሥራ ቀን ጠዋት ገበያ በማይበዛበት ሰዓት ገንዳቸውን ለአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ቢከፍቱ ምን ይጎድልባቸዋል? ፌዴሬሽኑስ ለሜዳሊያ ከሚያስበው ጎን ለጎን ለስፖርት መምህራን የመተንፈስና የመንሳፈፍ አጭር ሥልጠና ቢሰጥ? ከአሥር ሺህ ተንሳፋፊ ልጆች መሀል ነው አንድ ዋናተኛ የሚወጣው። ባይወጣ እንኳ አሥር ሺህ ልጅ በሕይወት ወደ ቤቱ ይገባል።

የጎንደር ወጣቶች በጥምቀት ዕለት ውኃው ከተባረከ በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ እንዴት እየዘለሉ እንደሚገቡ ያየ ሰው የውኃ ፍቅር እንደማያንሰን ያውቃል። ፍቅሩ አለ፤ የጎደለው ትምህርቱ ነው።

ትምህርቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ወላጅ ለልጁ ዛሬውኑ ሊነግረው የሚገባ ነገር አለ። ብቻውን ውኃ እንዳይገባ፤ ጥልቀቱን በማያውቀው ውኃ በራሱ ተዘቅዝቆ እንዳይዘል፤ ወንዝ ሲደፈርስና ሲሞላ እንዳይሞክር። ጓደኛው ሲሰጥም ቢያይ ደግሞ ዘሎ እንዳይገባ። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና አንድ ሬሳ ሁለት ይሆናል። መጮህ፣ ሰው መጥራት፣ ዳር ላይ ተኝቶ ዱላ ማቀበል፣ ገመድ ወይም ነጠላ መወርወር፣ አፉ የተከደነ ባዶ ጀሪካን መጣል ነው ያለበት። ያቺ ውኃ የምትቀዳበት ቢጫ ጀሪካን ባዶዋን ሰው ታንሳፍፋለች።

ሰስጥም ሰው ሁሌ እንደ ፊልም እየጮኸ እንደማይሰጥምም መታወቅ አለበት። አፉ ከውኃ በላይ የሚቆየው ለአፍታ ነው፤ ያቺን አፍታ ለመተንፈስ እንጂ ለመጮህ አያገኛትም። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ድንገት ዝም ያለ ልጅ ከሚጮኸው ይበልጥ ያስፈራል።

መጪው ክረምት ሲገባ ልጆቹ እንደገና «ዋና እንሂድ!» ይላሉ። መከልከል አያዋጣም፤ ተደብቀው ይሄዳሉ። የሚያዋጣው ማስተማር ነው። ወንዝ ዳር ቆሞ ለመዝለል ያመነታው ልጅ ደግሞ ፈሪ አይደለም። ትንፋሹን ገና ያላስተማሩት ልጅ ነው።