የጭንቅ ቀን ብድር

መቼም የትንሽ ነጋዴ ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን በዱቤ ያመጣል፤ ጋግሮ ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል፤ የተረፈችውን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የነዳጅ ዋጋ በድንገት የናረ እንደሆነ ግን ወይ ምድጃውን ማቀዝቀዝ ወይ የዳቦውን ዋጋ መጨመር ግድ ይሆንበታል። ምድጃው ቢቀዘቅዝ ሠራተኛው ሥራ ይፈታል፤ ዋጋው ቢጨምር ደንበኛው ይሸሻል። ጉዳዩም የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአገራችን በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸው ምን ያህል ነገር እንዳስከተለ ታሪክ ያስታውሰናል።

ታዲያ እንዲህ ባለው ጊዜ መንግሥት ምን ማድረግ ይገባዋል? የአሜሪካን ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር በ1953 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የትናንሽ ንግዶች አስተዳደር የተባለ መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል። ጎርፍና ዐውሎ ነፋስ ገቢያቸውን ላጎደለባቸው ትናንሽ ነጋዴዎች ወለዱ በመቶ ከ4 የማይበልጥ፤ እስከ 30 ዓመት ሊከፈል የሚችል ብድር ይሰጣል። ከ2000 ወደ 2001 በተሻገረው የብርድ ወራት ግን የማሞቂያ ነዳጅና የጋዝ ዋጋ ስለ ናረ፤ አንዳንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች ይህም እንደ አደጋ ተቆጥሮ ነጋዴውና ገበሬው ብድር እንዲያገኙ ሐሳብ አቀረቡ። በ2001 ምክር ቤቱ ተቀበለው፤ ሕግ ሆኖ ግን አልጸናም።

«የዋጋ መውጣትና መውረድ የገበያ ጠባይ እንጂ ጎርፍ አይደለም» የሚሉ አሉ። አነጋገራቸው ፍጹም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሁለት ወር ውድነት የሃያ ዓመት ሱቅ የሚያዘጋ ከሆነ፤ ጉዳቱ ከጎርፍ በምን ይለያል? ለእኔ የሚታየኝ መለያ ሌላ ነው። ውድነቱ የሚያልፍ ከሆነ ብድር መሻገሪያ ድልድይ ነው። የሚሰነብት ከሆነ ግን ያለፈውን ወር የነዳጅ ሒሳብ በብድር መክፈል በዕዳ ላይ ዕዳ መጨመር ነው። ያን ጊዜ ብድሩ ነዳጅ ለሚቆጥብ ምድጃ ወይም ለተሻለ የውሃ መሳቢያ መግዣ መዋል አለበት። አሜሪካውያንም ለገበሬዎችና ለገጠር ትናንሽ ነጋዴዎች ይህን የመሰለ የብድር ዋስትናና ድጎማ አላቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የጊዜ ነው። ችግረኛው ሱቁን ከዘጋ በኋላ የሚደርስ ብድር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሰኛል። ያለ ምርመራ የሚበተን ብድር ደግሞ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለውን ያስታውሳል። ከ2020 ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ያው መሥሪያ ቤት በመቶ 3.75 ወለድ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ብድር በጥድፊያ ሰጠ። በ2023 የራሱ ዋና ተቆጣጣሪ ከዚህ ውስጥ ከ136 ቢሊዮን ዶላር በላይ በማጭበርበር ሳይወሰድ እንዳልቀረ ገመተ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ግምቱ በዝቷል ሲል ተከራከረ።

ስለዚህ ደንቡ ችግር ሳይመጣ አስቀድሞ መሰናዳት አለበት፤ የዋጋው ጭማሪ ምን ያህል ሲሆን ብድር እንደሚፈቀድ፤ ለማን እንደሚሰጥና በምን ማስረጃ እንደሚጣራ በደኅናው ቀን ይወሰን። ነገ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች አንድ ነገር አትርሱ፤ «ነገ ተመለስ» የምትሉት ሰው ምናልባት ነገ የሚከፍተው ሱቅ ላይኖረው ይችላል። ገንዘቡም የእናንተ አይደለም፤ የሕዝብ ነውና ቶሎ መስጠትና መርምሮ መስጠት አንድነት ሊሄዱ ይገባል።