ጾመኛዋና መጠይቁ

 ሁዳዴን የምትጾም ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ በዶሃ፣ አል ቱማማ ሰፈር አለች እንበል። ሐኪም ዘንድ ቀርባ «ኢት-26» የተባለውን የአመጋገብ መታወክ መጠይቅ ብትሞላ፣ እየራባት ከምግብ ትሸሽ እንደሆነ ትጠየቃለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ለዚህ ምን ይመልስ? «ሁልጊዜ» ካለች ነጥቧ ከፍ ይልና ታማሚ ትመስላለች። በጾም ጥላ ሥር ራሷን የምታስርበው ታማሚ ግን ማንም ሳያያት ታልፋለች።

ሁለቱን ለመለየት ጾሙንም ሳይንሱንም የሚያውቅ ተመራማሪ ያስፈልጋል። ራስን የሚያስርበው ሕመም፣ አኖሬክሲያ፣ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው። እኛ ዘንድ ግን «የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ ሲርባት ትበላለች» ተብሎ ይታለፋል።

እንዲህ ያለውን ተመራማሪ አገር ውስጥ የማሠልጠኑ መንገድ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የካናዳ መምህራን ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምራሉ፤ ሠልጣኙም ከታካሚው አይርቅም። ቡታጅራም ለዓመታት የዘለቀ የአእምሮ ጤና ጥናት አለ። እዚያ ከሚሠሩት ወጣቶች ሁለት ሦስቱ በአኖሬክሲያ ላይ ዶክትሬታቸውን ቢሠሩ ምን ይጎድላል? ገንዘቡ ይገኛል፤ የሚከብደው በጉዳዩ ላይ የሚያማክር አንጋፋ ማግኘቱ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸውም ያንኑ መጠይቅ በጾም ወቅትና በፍስክ ለየብቻ መፈተን ይሁን።