ከማስደንዘዣ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ

የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሰግቼ ነው። የታካሚን አፍ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነገር መስሎናል፤ አይደለም።

ከዓመታት በፊት የአንዲት ወጣት የፊት ጥርስ ተሸርፎ በኮምፖዚት ሞላሁት። ጥርሱን ከምራቅ የሚለየውን ራበር ዳም እንዳነሳሁ ፎቶ አነሳሁ። ሙሌቱን ከጥርሱ መለየት አይቻልም ነበር፤ ለባልደረቦቼም በኩራት አሳየሁ። ልጅቱ በሳምንቷ ተመለሰች። ከንፈሯን በመዳፏ ሸፍና ነበር የምታናግረኝ። ሙሌቱ ከጥርሷ ነጥቶ እንደ ኖራ ጠብታ ጎልቷል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጥርስ ከምራቅ ተለይቶ ሲቆይ ይደርቅና ይነጣል፤ ወደ ቀለሙ ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ይፈጅበታል። እኔ ግን ቀለሙን የመረጥኩትም ፎቶውን ያነሳሁትም ጥርሱ ደርቆ ሳለ ነው። ያ ፎቶ ዛሬም እጄ ላይ አለ፤ ሲያዩት ያምራል፤ ሐሰት ነው።

ስለዚህ ቀለም የምትመርጡት ጥርሱ ሳይደርቅ ይሁን። የቀለም ናሙናውን ከጥርሱ እኩል አድርጋችሁ ይዛችሁ አንሱ። የመጨረሻውን ፎቶ ታካሚው ለክትትል ሲመጣ አንሱ። ስልክ አፍ ላይ ተጠግቶ ሲነሳ የፊት ጥርስን ያገዝፋል፤ ራቅ በሉ።

ይህ በስህተት የሚሆነው ነው። የሚያስፈራኝ ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። ከስምጥ ሸለቆ የመጣ፣ ፍሎራይድ በበዛበት የጉድጓድ ውሃ ጥርሱ የበለዘ ወጣት «በፊት» ሲባል በደብዛዛ ብርሃን፣ «በኋላ» ሲባል በፍላሽ ይነሳል። ይህ ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ብርሃኑ፣ ርቀቱና ማዕዘኑ አንድ ካልሆኑ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አታስቀምጡ።

ፈቃዱስ? ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ፣ አፉን ከፍቶ ወንበር ላይ የተጋደመ ሰው «ላንሳህ?» ሲባል በምን አንደበቱ እንቢ ይላል? ፈቃድ የሚጠየቀው ከማስደንዘዣው በፊት፣ በጽሑፍ ነው። ለሕክምና ካርዱ የፈቀደ ሰው ለማስታወቂያ ፈቅዷል ማለት አይደለም። ዓይኑን መሸፈን ብቻ አይበቃም፤ የፊት ጥርሱን ክፍተት አይታ እናቱ ትለየዋለች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ጋር ተመድቧል።

እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱ። ለሕክምና የሚፈለገውን ወደ ታካሚው ካርድ መልሱ። ሳይፈቅድ ቴሌግራም ላይ የወጣ ሰው ካለ፣ ፎቶውን አጥፉና ደውላችሁ ይቅርታ ጠይቁት።