ሃያ ደቂቃና አንድ ደብተር

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ቀኝ ታፋዬ የተበጠሰው በ1996 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ከክረምት ዕረፍት ተመልሰን ዝግጅት በጀመርን በዘጠነኛው ቀን ነው። በታችኛው ሊግ በሚጫወት አንድ የክልል ክለብ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበርኩ። የአሰልጣኛችን እምነት አጭር ነበር፦ ያላስመለሰው ተጫዋች አልተዘጋጀም። ጠዋት ዳገት እንሮጣለን፣ ጓደኛችንን አዝለን ደረጃ እንወጣለን፣ ከሰዓት ደግሞ ለሁለት ተከፍለን እንጋጠማለን። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ኳስ ላይ ለመድረስ ስፈተለክ ከኋላዬ በድንጋይ የተመታሁ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

ወጌሻችን ደግ ሰው ነበር። ውሃ የሚያቀብለው እሱ፣ ማሊያ ቆጥሮ የሚረከበው እሱ፣ አውቶቡስ ሲበላሽ የሚገፋውም እሱ። የሚያውቀውን አደረገልኝ፤ ፎጣ በፍል ውሃ ነክሮ ታፋዬን አሸኝ። ገና የተበጠሰና ውስጡ የሚደማ ጡንቻ በትኩስ እንደማይታሽ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በተጎዳሁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መርፌ ተወግቼ ተሰለፍኩ። በዚያው ዓመት ያው ቦታ ሁለት ጊዜ ደገመኝ። በ26 ዓመቴ ታኬታዬን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት።

ሰው ለመክሰስ አልጻፍኩም። እነዚያ ሰዎች ያደረጉት በእነሱም ላይ የተደረገውን ነው። ግን አንድ ጥያቄ ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሯል፦ ያ ጉዳት የግድ ነበር? ዝግጅታችን ሌላ ዓይነት ቢሆን ይቀር ነበር? ዛሬ በየክለቡ ‹‹ጉዳት የኳስ ዕጣ ነው›› ሲባል ስሰማ መልሱን ለእናንተ መጻፍ አለብኝ አልኩ፤ የአሰልጣኞችን ኮርስ የምታዘጋጁትም ለክለቦች ፈቃድ የምትሰጡትም እናንተ ናችሁና።

መልሱ፦ ሁሉም አይቀርም፤ ብዙው ግን ይቀራል።

ፊፋ የሕክምና ባለሙያዎቹን ከኦስሎና ከካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጋር አቀናጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ‹‹11 ፕላስ›› የተባለ ማሟሟቂያ አዘጋጅቷል። 15 እንቅስቃሴ፣ 20 ደቂቃ ነው። 8 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ 2 ደቂቃ ደግሞ አቅጣጫ እየቀየሩ ፈጠን ብሎ መሮጥ። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ወደ 1,900 በሚጠጉ ልጃገረዶች ላይ ለአንድ የውድድር ዘመን ተሞክሮ ውጤቱ በ2008 ሲወጣ፣ ማሟሟቂያውን የሠሩት ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ ጉዳታቸው በሲሶ ገደማ፣ ከባድ ጉዳታቸው ደግሞ በግማሽ ገደማ አንሶ ተገኘ።

‹‹እሱማ ኖርዌይ ነው›› የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። ስለዚህ ወደ ሌጎስ እንሂድ። በሌጎስ የታዳጊዎች ሊግ 20 ቡድኖችና 416 ወንድ ተጫዋቾች ለሁለት ተከፍለው ያው ሥራ ተሞከረባቸው። በ2014 የታተመው ውጤት የጉዳቱ መጠን በ41 በመቶ መቀነሱን ያሳያል። ሌጎስ እንደ ኦስሎ ማሞቂያ የተዘረጋለት ሜዳ፣ በየቡድኑ ሐኪም አለ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስለራሴ ጡንቻ ልመለስ፤ ይህኛው የበለጠ ያንገበግበኛል። የታፋ የኋላ ጡንቻ፣ ልጆቹ ዛሬ ‹‹ሀምስትሪንግ›› የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሌላ ሰው ነክቶት ሳይሆን በሙሉ ፍጥነት ስንሮጥ ነው። እግር ወደ ፊት ሲወረወር ጡንቻው እየተለጠጠም ፍሬን መያዝ አለበት፤ እየተለጠጠ የመያዝ ልምድ ከሌለው ይቀደዳል። ይህን ልምድ የሚሰጥ ‹‹ኖርዲክ›› የሚባል እንቅስቃሴ አለ። አንዱ ይንበረከካል፣ ሌላው ከኋላ ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል። የተንበረከከው ከጉልበቱ እስከ ራሱ ቀጥ ብሎ፣ በታፋው እየታገለ፣ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወድቃል፤ መያዝ ሲያቅተው በእጁ መሬቱን ይቀበላል። በቃ። ሁለት ሰውና ሳር ነው የሚጠይቀው፤ ሳር ከሌለም የታጠፈ ሹራብ ከጉልበት በታች። ዴንማርክ ውስጥ ከሙያተኛ እስከ አማተር በተውጣጡ 50 ቡድኖችና 942 ተጫዋቾች ላይ ተሞከረ። አሥር ሳምንት ኖርዲክን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ከሠሩት መካከል በዓመቱ 15 የሀምስትሪንግ ጉዳት ሲመዘገብ፣ በቁጥር ተቀራራቢ ከሆኑትና ካልሠሩት መካከል የተመዘገበው 52 ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል ከታወቀ ለምን የአውሮፓ ባለጸጋ ክለቦች ተጫዋቾች ታፋቸውን ይዘው ሲወጡ በየሳምንቱ እናያለን? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ደብዳቤዬ ዋጋ የለውም። ዩኤፋ በስዊድናዊው ፕሮፌሰር ያን ኤክስትራንድ መሪነት ከ2001 ጀምሮ የታላላቅ ክለቦችን ጉዳት ሲመዘግብ ቆይቷል። መዝገቡ ሲጀምር ከአጠቃላዩ ጉዳት 12 በመቶ የነበረው ሀምስትሪንግ፣ በ2021/22 የውድድር ዘመን 24 በመቶ ደርሷል። እጥፍ ማለት ነው፤ ያውም የግል ምግብ አብሳይ፣ የእንቅልፍ አማካሪና በጀርባ የሚታሰር የጂፒኤስ መሣሪያ ባለበት ቤት። ጨዋታው ፈጥኗል፣ ውድድሩም በዝቷል። በዚያው ምርምር ሁለት ጨዋታ በአራት ቀን ወይም ባነሰ ጊዜ ሲደራረብ የጡንቻ ጉዳት እንደሚጨምር ታይቷል። ግን ሌላም አለ። በ2015 የታተመ ጥናት የቻምፒየንስ ሊግና የኖርዌይ ከፍተኛ ሊግ 50 ክለቦችን ኖርዲክን እንደታዘዘው ሠርታችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከተቆጠሩት 150 የክለብ ዓመታት እንደታዘዘው የተሠራባቸው 16 ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ እያለ የዋጠው ጥቂት ነው ማለት ነው።

እኔ ከዚህ የማነበው ተስፋ ነው። በእግር ኳስ ከአውሮፓ ወደ ኋላ የቀረነው በብዙ ነገር በገንዘብ ምክንያት ነው፤ ስታዲየማችን በካፍ ታግዶ ብሔራዊ ቡድናችን ‹‹የሜዳውን›› ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወት ካየን በኋላ ከዚህ የሚብስ ማስረጃ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ግን ገንዘብ ያላቸውም አልሠሩትም። ልዩነቱን የሚያመጣው ሃያ ደቂቃውን ሳያሰልሱ መሥራት ብቻ ነው። አሰልጣኞች ለምን እንደሚሸሹትም አውቃለሁ፤ ኖርዲክ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታፋ ያሳምማል፣ ተጫዋች ያጉረመርማል፣ ቅዳሜ ደግሞ ጨዋታ አለ። ሦስት ጨዋታ ቢሸነፍ የሚሰናበት አሰልጣኝ ከአሥር ሳምንት በኋላ የሚገኝ ጥቅም አይታየውም። የአንድና የሁለት ዓመት ኮንትራት ያለው ተጫዋችም፣ ክለቡም እንደዚያው።

አባቶቻችን ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› የሚሉት ስለኛ የቅድመ ውድድር ዝግጅት ይመስለኛል። ሁለት ወር ሙሉ እግሩን ሰቅሎ የከረመን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለቴ እያስሮጡ ‹‹ላቡ ይውጣ›› ማለት ብቃት አይባልም። ዳገት ልብና ሳንባ ያሠራል፤ ታፋን ግን ለሙሉ ፍጥነት አያዘጋጅም። ተጫዋቹ ልምምድ ላይ አንድም ቀን በሙሉ ፍጥነቱ ሳይሮጥ ከርሞ በጨዋታው 70ኛ ደቂቃ ሲሞክረው ነው ሜዳ ላይ ተቀምጦ የምናየው። በእኛ አገር ድካምና ዝግጅት አንድ ተደርገው ይቆጠራሉ። ወታደራዊ ልማድ ነው መሰለኝ፤ ከማን እንደወረስነው ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው።

ሐቁን ሳልደብቅ፦ ከኋላ የመጣ ሸርተቴን የሚመክት ጡንቻ የለም። በአውሮፓ ታላላቅ የወንዶች ክለቦች የጉልበት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ከ2001 እስከ 2015 ባለው ጊዜ አልቀነሰም። አንድ ጊዜ የተጎዳ ጡንቻም ካልተጎዳው ይልቅ ለሚቀጥለው የቀረበ ነው፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በመርፌ የሚመለስን ልጅ ማሟሟቂያ አያድነውም። ሜዳውም አለ። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ በሚካሄድበት አሠራር አንድ ሜዳ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ያስተናግዳል፤ ሳሩ ሲነቀል፣ ዝናብ ሲጥል፣ ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ሲሆን ቁርጭምጭሚት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም።

እዚህ ላይ ነው ደብተሩ የሚመጣው። ከላይ የጠራኋቸው ቁጥሮች ሁሉ የሰው አገር ቁጥሮች ናቸው። ከአዲስ አበባ ብርድ ወርዶ ድሬዳዋ ሙቀት ላይ በሦስተኛው ቀን የሚጫወት ተጫዋች ምን ይሆናል? ሁዳዴን ወይም ረመዳንን እየጾመ የሚጫወትስ? ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ተለማምዶ የተፈጥሮ ሳር ላይ የሚጋጠመው? ኦስሎ ይህን አይመልስልንም። ስንት ግብ በስንተኛው ደቂቃ እንደተቆጠረ፣ ማን ስንት ቢጫ እንዳየ እንመዘግባለን። በአንድ የውድድር ዘመን ስንት ተጫዋች፣ የት ቦታው ላይ፣ ለስንት ቀን እንደተጎዳ የሚናገር የፌዴሬሽን ዘገባ ግን እኔ ኳስ በተከታተልኩበት ዘመን ሁሉ አንብቤ አላውቅም።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። እያንዳንዱ የፕሪምየር ሊግ ክለብ፣ የወንዱም የሴቱም፣ በየወሩ አንድ ገጽ ይላክላችሁ፦ ማን እንደተጎዳ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር፣ የትኛው የአካል ክፍሉ፣ በልምምድ ወይስ በጨዋታ፣ በስንተኛው ቀን ሙሉ ልምምድ እንደጀመረ። የጉዳት ትርጉምም የተወሳሰበ አይሁን፤ በቀጣዩ ልምምድ ወይም ጨዋታ ሙሉ በሙሉ መሳተፍ ያልቻለ ተጎድቷል። ገጹን ያልላከ ክለብ የፈቃድ እድሳቱ ይዘግይ። ወጌሻው ይሙላው፤ ነገር ግን አሰልጣኙም ይፈርምበት። ይህችን ፊርማ አጥብቄ የምይዘው በምክንያት ነው፦ የኤክስትራንድ ቡድን ባወጣው ጥናት በሕክምና ባለሙያውና በዋና አሰልጣኙ መካከል መነጋገር በላላባቸው ክለቦች የጉዳቱ ጫና ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እኛ ጋ ወጌሻው ‹‹ይህ ልጅ አልዳነም›› ለማለት ድፍረቱም ሥልጣኑም የለውም። ቢያንስ የጻፈው ነገር ይነበብ።

በአሰልጣኞች ኮርስ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው የካፍ ፈቃድ ጀምሮ፣ ‹‹11 ፕላስ››ን በወረቀት መልሶ ማለፍ ይቅር። ሰልጣኙ ሃያ ልጆች ይሰጡትና ሜዳ ላይ ያሠራ፤ አሠራራቸው ሲበላሽ ካላረመ ይድገመው። ከየት እንጀምር ካላችሁ ከታዳጊዎችና ከሴቶች እላለሁ። በጉልበት መስቀለኛ ጅማት ጉዳት ሴቶች ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ የተጋለጡ ናቸው፤ ሥራው መልካም ፍሬ ያሳየውም በልጃገረዶችና በታዳጊዎች ላይ ነው። በ16 ዓመቷ የለመደችው በ26 ዓመቷ ሸክም አይሆንባትም።

የውድድር መርሐ ግብር ስታጸድቁም በአንድ ቡድን ሁለት ጨዋታዎች መካከል አምስት ቀን እንዲኖር ሞክሩ። የቴሌቪዥን ሰዓትና የአስተናጋጅ ከተማ ወጪ እንደሚያስጨንቃችሁ ይገባኛል፤ ሁልጊዜ ይሳካል ብዬም አልጠብቅም። ባልተሳካባቸው ሳምንታት ግን ደብተሩ ምን እንደሚል ተመልከቱ።

እኔ ዛሬ የሰፈር ታዳጊዎችን ያለ ክፍያ አሰለጥናለሁ። ሦስት ዓመት ሆነን፤ 22 ልጆች ናቸው። ኖርዲኩን መጀመሪያ ሲሠሩ ሳቁ፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቷቸው አለቀሱ፣ አሁን ሳላዛቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንበረከካሉ። በእነሱ ቁጥር ምንም ማረጋገጥ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ደብተራቸውን ግን እይዛለሁ፣ ባለ 50 ቅጠል ነው። ከእናንተ ወይም ከሕክምና ባለሙያዎቻችሁ አንዱ ማየት ቢፈልግ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጃንሜዳ ነን፤ ሹራባቸውን አጥፈው የተንበረከኩትን ልጆች ከሩቅ ያውቋቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የቀኝ መስመር ተከላካይ