ፈረንጅ ቢቀር ጾም አይቀርም

በፍልሰታ ጾም፥ ለዕረፍት ላሊበላ በነበርንበት ጊዜ፥ አንድ ቀን ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን እኛ አምስት ተማሪዎች ከአንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቲቱ ትኩስ ዳቦ ሰንጥቀው፥ በመካከሉ አዚፋ ሞልተው፥ ቃሪያ ጣል አድርገው ሰጡን። ቀጥለውም ያለ እንቁላል፥ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የተጋገረ፥ ማር የገባበት ኬክ ከሻዩ ጋር አቀረቡልን። በላን፤ እጅግም ጣፈጠን።

ጣፈጠን ማለታችን ግን ነገር አመጣ። ከመካከላችን አንዱ ቁራሹን ከሰሐኑ ላይ መልሶ፥ «እንዲህ ያለ ነገር እየበላን ጾምን ልንል ነው?» ሲል ጠየቀ። ሌላው መለሰለት፤ ሦስተኛው ተቆጣ፤ ክርክሩም ደራ። ሴትዮዋ ጥቂት ካዳመጡን በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ጾሙስ ካፍ ይጀምር ነበር፤ ይልቅ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጡ» አሉን። ሻዩን ጠጣን፤ ክርክሩን ግን አልተውነውም። እነሆ ለባልንጀሮቻችን ልናቀርበው ወደድን።

የጠያቂው ወንድማችን ነገር እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ጾም ሰውነትን መግራት ነው እንጂ የምግብ ዓይነት መለዋወጥ አይደለም። በአዲስ አበባ ዐቢይ ጾም ሲገባ የጾም ኬክ በየኬክ ቤቱ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ፥ የጾም በርገርና የጾም ፒዛ የሚል ማስታወቂያም በየበሩ ተሰቅሎ እናያለን። ቅቤው ወጥቶ ዘይቱ ሲገባ፥ ሥጋው ቀርቶ ድንቹ ሲተካ፥ ሆድ ግን እንደ ፋሲካ ቀን ሲሞላ ያየ ሰው «ይኸ ጾም ነው ወይስ ድግስ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሆኖም እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ምክንያታችንም የሚጀምረው ከእናቶቻችን ጓዳ ነው። የሽምብራ ዱቄት አቡክታ፥ በዓሣ መልክ ቆርጣ፥ በዘይት ጠብሳ የሽምብራ ዓሣ ብላ በወጥ ያቀረበችው ሴት የኬክ ቤት ማስታወቂያ አይታ አልነበረም። ባቄላውን ከሰናፍጭ ጋር አዋሕዳ፥ አቡክታ ስልጆ ያደረገች፥ የሱፍ ፍሬ ቆልታና ወቅጣ፥ በውሃ አሽታና አጥልላ ነጭ እንደ ወተት የሆነ ውሃ ያወጣች እርስዋ ናት። ጾምን ማጣፈጥ ከውጭ የመጣ አዲስ ልማድ ቢሆን ኖሮ ይኸ ሁሉ ሙያ ከየት መጣ? ረቡዕና ዓርብ፥ 55 ቀን ዐቢይ ጾም፥ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት፥ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ፥ ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። የዕድሜውን ግማሽ ደረቅ ዳቦ በሻይ እያማገ ይኑር ብሎ በሕዝባችን ላይ የፈረደ ማነው? የጾም ሕግ ሰዓትን መጠበቅ ነው፤ መጠንን ማወቅ ነው፤ ለተራበ ማካፈል ነው። ምግቡ ይምረር የሚል ሕግ አላየንም።

ሌላም አለ። ከአምስታችን አንዱ ሙስሊም ነበር። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሰርግም በለቅሶም አብሮ ይውላል፤ ሥጋ ሲመጣ ግን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። በአዚፋ፥ በሽሮና በጎመን ላይ ግን የሚከፈል ማዕድ የለም። ያን ቀን አምስታችንም ከአንድ ሰሐን የበላነው ምግቡ የጾም ስለ ነበረ ነው። ጾመኛው ለራሱ ያዘጋጀው ማዕድ ላልጾመውም ወንድሙ በር ከፈተ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ከተማዋ ነገር እንምጣ። ፈረንጆች ሥጋ፥ ወተት፥ እንቁላልና ማር የማይቀምሰውን ሰው «ቪጋን» ይሉታል። ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር ሲሆን፥ በዚያው ዓመት የቪጋኖች ማኅበር ተቋቋመ። እነርሱ የሚተዉት ስለ እንስሳት ብለው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ እኛ የምንተወው ስለ እግዚአብሔር ብለን በጊዜው ነው፤ ማር አንከለክልም፤ ፋሲካ ሲመጣም ዶሮው ይታረዳል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ገበታው ጎረቤት ነው። የቪጋን ምግብ ፍለጋ በየከተማው የሚንከራተት እንግዳ ላሊበላ ሲደርስ አገሩ ሁሉ በጾም ቀን ያን እንደሚበላ አይቶ ይደነቃል።

የሚያሳዝነው ግን እኛ ራሳችን አለመደነቃችን ነው። በአንድ ምግብ ቤት ያው የምስር ሳንድዊች በእንግሊዝኛው ዝርዝር ላይ ቪጋን ተብሎ በክብር ሲጻፍ፥ በአማርኛው ላይ ግን ጨርሶ ሳይጠቀስ አይተናል። ለአገሬው ጾመኛ የቀረለት ዳቦና ሻይ ብቻ ነበር። ጾሙን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ሰው ከጾሙ ገበያ ውጭ ቆመ ማለት አይደለምን?

ይኸም የክብር ነገር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ነገርም ነው። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩ ወዲህ ብዙ ላሊበላዊ ኑሮውን በእንግዳ ላይ አቆመ። አስጎብኚው፥ አስተናጋጁ፥ ወጥ ቤቷ፥ ጫማ ጠባቂው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ጣለ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ እንግዳው ቀረ። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ እንኳንስ እንግዳ መብራትም ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን ረቡዕ አልቀረም፤ ዓርብ አልቀረም፤ ፍልሰታም አልቀረም። ፈረንጅ ቢቀር ጾም አይቀርም። ታዲያ ለማይቀረው ደንበኛ ምግብ የሚያዘጋጅ ቤት ነው ወይስ ለሚቀረው የሚያዘጋጅ ቤት ነው የጸናው? እንግዳ ይምጣ፤ ሲመጣም ይስተናገድ፤ ነገር ግን በጾመኛው ገበታ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ይምጣ እንጂ ጾመኛው በእንግዳው ገበታ ላይ ፍርፋሪ ለቃሚ አይሁን።

«ኬኩ ያለ እንቁላል እንዴት ይያዛል?» የሚለን ካለ መልሱ በቅዳሜ ገበያ በቁና እየተሰፈረ ይሸጣል። እንቁላል በኬክ ውስጥ ዋና ሥራው ሊጡን ማያያዝና ማለስለስ ነው። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተለውሶ ጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥ ይወፍርና ያዝ ያዝ ያደርጋል፤ ያኔ የአንድ እንቁላል ቦታ ይሸፍናል። የወተቱን ቦታ የሱፍ ውሃ ይተካል። የላስታ ደጋ ስንዴ፥ ገብስ፥ ባቄላና ምስር ያበቅላል። በገና የሚመጣው ምእመን ገና ጾሙ ሳይፈታ ቆሎ፥ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቆ ቀናት በእግሩ እየተጓዘ ይደርሳል። ለዚያ ሰው አዚፋ በዳቦና የተልባ ኬክ ማቅረብ ከሩቅ አገር የሚመጣ ዕውቀት አይጠይቅም። በሳንድዊቹ የሚወጣው ገንዘብም ከጋጋሪዋ ወደ ገበሬው፥ ከገበሬው ወደ ጋጋሪዋ እየተመላለሰ እዚያው ላስታ ውስጥ ይውላል።

ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስና እንጨርስ። እኛ ስንከራከር አንድ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ ከበሩ ቆመና «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ሴትዮዋ የተረፈ አልፈለጉም። ለእኛ ከሰነጠቁት ዳቦ አንዱን አንሥተው፥ ለእኛ የሞሉትን ያህል አዚፋ ሞልተው፥ በሁለት እጃቸው ሰጡት። እርሱም ተማሪ ነው፤ እኛም ተማሪዎች ነን። ጠያቂው ወንድማችን ይኸን አይቶ ዝም አለ፤ ካስቀመጠው ኬክ ላይ ግማሹን ቆርሶ ተከትሎት ወጣ። ጾሙን የሚሽረው የምግቡ ጣዕም እንዳልሆነ ያን ጊዜ ሁላችንም የተረዳን ይመስለናል። ጾሙን የሚሽረው ጣዕሙን ለብቻ መያዝ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛው፥ ከላውንጁ ጋር ተነጋግሮ በጾም ቀን በአካባቢው ሴቶች የተጋገረ ዳቦ በአዚፋና በስልጆ፥ ከፍስኩ ባልበለጠ ዋጋ እንዲሸጥ ያድርግ። ሁለተኛው፥ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከእያንዳንዳችን የሳምንት አንድ ሳንድዊች ዋጋ ሰብስቦ፥ ምግቡን ከካፌ ውጭ እየበላ ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ለሚያልቅበት ባልንጀራችን፥ ስሙ ሳይጠራ፥ ያድርስለት። ይኸን ካደረግን በኋላ ሳንድዊቹ ቢጣፍጠን ማንም ሊወቅሰን አይችልም።